ሞክሼዎች የበተኑት መረብ

«ወንዙ ወደ ባሕሩ፣ ባሕሩ ወደ ማታ፣
ጀልባህ ወዴት ቀረች፣ ከጨረቃ ተኝታ…»

ከዚህ በኋላ ያለውን ሱሊአሲ አያውቀውም። ድሮ ያውቀው ነበር። እናቱ ሬዋ በሚባለው ወንዝ አፍ ባለው መንደራቸው፣ የውሃው ሽታ በሰሌኑ ሥር እየገባ፣ እሱን ስታስተኛ የምታንጎራጉረው ነው። አሁን ግን ዜማው ሁለት ስንኝ ይሄድና እንደ ተቆረጠ ድልድይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በ«ም-ም-ም» ነው የሚሻገረው። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። በአሥራ አራት ዓመት የቴክኒሻንነት ዘመኑ ከዋና ከተማው ከሱቫ እስከ ናውሶሪ ያልወጣበት የስልክ ምሰሶ የለም። በየምሰሶው ጫፍ ያቺኑ ሁለት ስንኝ ሲያንጎራጉር ኖሯል፤ የቀረው ስንኝ ግን ከላይም ከታችም አልተገኘም። በልቡ የጠፋው ስንኝ የፍቅር ነው ብሎ ያምናል። ጨረቃ የገባችበት ዘፈን በሌላ በምን ሊያልቅ ይችላል?

ዛሬም ዝናቡ የሚኖርበትን የኪኖያን ሰፈር ቆርቆሮ ሁሉ እየደበደበ፣ ሱሊአሲ ከምግብ ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ሰማያዊ ገመድ በጥርሱ ነክሶ ያንጎራጉራል።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ሚስቱ ቫሲቲ፣ ሳህን እንደ ያዘች ጎንበስ ብላ እያየችው። «ሰው ጠረጴዛ ላይ ይበላል እንጂ ጠረጴዛ ሥር ይዘፍናል?»

«መጣሁ፣ መጣሁ።»

«መጣሁ ካልክ ሦስተኛ ሳምንትህ ነው።»

እውነቷን ነው። ጠረጴዛው ከተያዘ ወዲህ ቫሲቲ ሰሌን ላይ ነው የምትበላው፤ እሱ ደግሞ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ማንኪያ በሌላው እጁ ገመድ ይዞ። ሁለት ጊዜ ገመዱን ሊጎርስ ሲል ደርሳበታለች።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ፈተና ነው። ሱሊአሲ በሚሠራበት የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያ የኔትወርክ መሐንዲስ ቦታ እንደ ዝናቡ በየቀኑ የሚመጣ ነገር አይደለም። ባለፈው ዓመት አንዴ ተከፍቶ ነበር። በጽሑፍ ፈተናው ሱሊአሲ ሁሉንም በለጠ። በተግባሩ ፈተና ላይ ግን የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ሚስዝ ኡርሚላ ያለ ማስጠንቀቂያ አንድ ገመድ ነቅለው «በል እንግዲህ» አሉት። የሱሊአሲ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በአውሎ ነፋስ ማግስት ያዘመመ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ያልተንቀጠቀጠ እጅ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ምቹ ወንበር ላይ ተንቀጠቀጠ።

«በመጽሐፍ ሁሉንም ታውቃለህ፣» አሉት ሚስዝ ኡርሚላ መነጽራቸውን አውልቀው። «ግን መረብህን በእጅህ ነክተኸው አታውቅም። ቦታው እንደገና ሲከፈት እቤትህ ላብራቶሪ ሠርተህ ጠብቀኝ። አንድ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ሦስት ቅርንጫፎች። ራሴ መጥቼ አየዋለሁ። አንዱን መንገድ አስቆርጣለሁ፤ መልእክቱ በሌላው መንገድ መሄድ አለበት። ኮምፒውተር ውስጥ የተሳለ ብቻ ግን እንዳታሳየኝ። የሚዳሰስ ነገር እፈልጋለሁ።»

እነሆ ቦታው ተከፍቷል። የሱሊአሲን ጉልበት ያየው ሐኪም ደግሞ ከሚስዝ ኡርሚላ ባነሰ ቃል ጉዳዩን ጨርሶታል፤ «ከመጪው ገና ወዲያ ምሰሶ የለም።» ስለዚህ ሱሊአሲ ወይ መሐንዲስ ይሆናል፣ ወይ በኩባንያው መጋዘን በር ላይ ተቀምጦ የሌሎችን መሰላል እየመዘገበ ያስወጣል። ሦስተኛ መንገድ አልነበረም።

ዕቃውን ያገኘው ገመዱን ራሱ ከዘረጋለት አንድ የባሕር ዳር ሆቴል ነው። ሆቴሉ ሲታደስ ሦስት አሮጌ ራውተሮች፣ መልእክት አቅጣጫ የሚያስይዙ ሣጥኖች፣ እና አንድ እንደ አሳማ የሚያንኮራፋ ሰርቨር ከቆሻሻው ጋር ሊጣሉ ሲሉ ደረሰ። በአውቶቡስ አምጥቷቸው፣ የእያንዳንዱን አቧራ በጥርስ ብሩሽ አራግፎ፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ከቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይም ሁለት ካርታ ሣለ። በሁለቱም ላይ አራቱ ቦታዎች እንደ አበባ ጉንጉን በክብ ተያይዘዋል፤ ከየትኛውም ቦታ ወደ የትኛውም ቦታ በግራም በቀኝም ይደረሳል።

«ይኼ የሚዳሰሰው ካርታ ነው፣» ሲል ለቫሲቲ አስረዳት። «የትኛው ሣጥን የት እንደ ተቀመጠ፣ ሽቦው በየት እንደሚያልፍ። ይኼኛው ደግሞ የሚታሰበው ነው። መልእክቱ ራሱን የት እንዳለ አድርጎ እንደሚያይ ያሳያል። ሣጥኖቹ እዚህ ጎን ለጎን ናቸው፤ መልእክቱ ግን አንዱ ናንዲ፣ አንዱ ላባሳ፣ በሩቅ ከተማ ያለ ይመስለዋል።»

ቫሲቲ ካርታዎቹን ተራ በተራ አየቻቸው። «ገባኝ። የሚዳሰሰው ባሌ እዚህ ጠረጴዛ ሥር ነው። የሚታሰበው ባሌ ላባሳ ነው።»

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደግ ነበር። የሱሊአሲ ስሕተት የመጣው ሣጥኖቹን ስም ሲያወጣላቸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ፊደልና ቁጥር ሰጥቶ ያልፋል። ሱሊአሲ ግን ልቡ በዜማ የተነከረ ሰው ነው፤ ቁጥር ሲጠራ ሰውን በመታወቂያ ቁጥሩ የጠራ መሰለው። ስለዚህ በነጭ ፕላስተር ላይ የዘመዶቹን ስም ጽፎ ለጠፈ። ትልቁን ራውተር፣ ሁሉን ሰምቶ ቀስ ብሎ የሚመልሰውን፣ «ኔማኒ» አለው፤ የአባቱ ታላቅ ወንድም ስም ነው። ፈጣኑንና የሚጮኸውን «አካኔታ» አለው፤ በናውሶሪ ገበያ ዓሣ በምትሸጠው አክስቱ። አንድ ጎኑ የተሰነጠቀውንና ቢወድቅም ቢነሳም የሚሠራውን «ዋይሳሌ» አለው፤ ላንጌሬ በሚባል ሰፈር ጎማ በሚጠግነው የአጎቱ ልጅ።

«የእኔ ስም የቱ ላይ ነው?» አለች ቫሲቲ።

«አንቺማ ዋናው መሥሪያ ቤት ነሽ።»

«ፕላስተር ግን አልተለጠፈብኝም።»

«ምን ያደርግልሻል?»

ምን እንደሚያደርግላት ያን ቀን አልነገረችውም። እሑድ ግን ከቅዳሴ መልስ ለአንዲት የመዘምራን ጓደኛዋ ነገሩን እንደ ቀልድ አጫወተቻት። ማክሰኞ ወሬው ወንዙን ተሻግሮ መንደር ገባ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትልቁ አባት ኔማኒ በሩ ላይ ቆመው ተገኙ። የአባት ታላቅ ወንድም በእኛ ዘንድ አጎት አይደለም፣ ትልቁ አባት ነው። ንጹሕ ሽርጥ አገልድመዋል፤ በአንድ እጃቸው የታሰረ፣ ለክብር የሚጠጣ የያንጎና ሥር፣ በብብታቸው አዲስ ሰሌን፣ በሌላው እጃቸው እግሩ የታሰረ፣ ዝናብ ያበሰበሰው፣ በጣም የተቆጣ አውራ ዶሮ ይዘዋል።

«ሞክሼዬ የት አለ?» አሉ።

ሱሊአሲ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ደግሞ ጊዜው አልፎ ነበር። በእኛ አገር የሰው ስም ወስዶ ለሌላ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። ሞክሼ ከተገኘ ባለስሙ ስጦታ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ አንድ ሥጋ ናቸው። እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ይህ ነገር የሚሠራው ለሕፃናት ብቻ መስሎት ነበር።

ኔማኒ አዲሱን ሰሌን ከራውተሩ ፊት ዘርግተው እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሥሩን አቀረቡ፤ ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ፤ ስለ ዘር ሐረጋቸው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ሟች ወንድማቸው ረጅም ንግግር አደረጉ። ራውተሩ አረንጓዴ መብራቱን እያርገበገበ በሥርዓት አዳመጠ። ያንጎናው ተወቅጦ፣ በእንጨቱ ገበታ ተበጥብጦ ሲያበቃ የመጀመሪያውን የኮኮናት ቅርፊት ዋንጫ ሞልተው ወደ ሣጥኑ ዘረጉ።

«ኧረ ትልቁ አባቴ! እሱ አይጠጣም!» ሱሊአሲ ዘሎ መሐል ገባ።

«አድቬንቲስት ነው እንዴ? እነሱ ናቸው የማይጠጡት።»

«አይደለም… ውሃ ከነካው ይሞታል።»

«እንግዲያስ አንተ ጠጣለት፣» አሉ ኔማኒ፤ ሱሊአሲም በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣለት።

ገና ሳይመሽ፣ ጀልባ ሳያመልጣቸው ኔማኒ የመጡበትን ተናገሩ። «ሞክሼ በሞክሼው ቤት ነው የሚያድገው። ኬሬኬሬ ልጄ፣ ይዤው ልሂድ።»

«ትልቁ አባቴ፣ ስሙ እኮ ለመለያ ያህል ነው የተለጠፈው።»

ኔማኒ ፕላስተሩን በጣታቸው ነኩ። «የእኔም ስም ለመለያ ያህል ነው።»

ዘመድ «ኬሬኬሬ»፣ እባክህ ስጠኝ፣ ካለ በኋላ «ይቅርታ፣ አልሰጥም» ብሎ ጎረቤት ፊት የሚወጣ ሰው ካለ ሱሊአሲ አላየውም፤ ቢያየውም አያምነውም። ራውተሩን በፎጣ ጠቅልሎ፣ በፎጣው ላይ ፌስታል አልብሶ፣ እስከ አውቶቡሱ ሸኛቸው። ዶሮው ለእሱ ቀረ።

ቅዳሜ ጧት አክስቱ አካኔታ መጣች፤ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ደረሰ። «ኔማኒ ሞክሼውን ወሰደ አሉ! የእኔ ስም ለጌጥ ነው የተለጠፈው? ወይስ ሴት ስለሆንኩ ሞክሼዬ እዚህ ገመድ እንደ ታሰረ ይኑር?»

«አክስቴ፣ ለፈተና ነው እኮ የምፈልገው…»

«የእኔስ ሕይወት ፈተና አይደለም? ቀና በል፣ እየኝ። እናትህ ስትሞት ማን ነው ዓሣ ያበላህ?»

ራውተሩ በበረዶ ሣጥን ክዳን ላይ ተቀምጦ ናውሶሪ ገባ። ዋይሳሌ ደግሞ ሥርዓት የሚባል ነገር ሳያበዛ፣ የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ፣ አንድ ፓኬት ብስኩት በመስኮት አቀብሎ ወደ ውስጥ ዘለቀና ለተሰነጠቀው ሣጥን «ሞክሼ፣ ተነስ እንሂድ» አለው። ሄዱ።

ጠረጴዛው ላይ የሚያንኮራፋው ሰርቨር ብቻ ቀረ። ለእሱ ስም ስላልወጣለት የሚወስደው አልነበረም።

ሰው ዘመዱ ሲለየው ፎቶውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ሱሊአሲም እንደዚያው አደረገ። በሰርቨሩ ሆድ ውስጥ ሦስት ምናባዊ ራውተሮች ፈጠረ፤ ኔማኒ፣ አካኔታ፣ ዋይሳሌ አላቸው። ሥጋቸው በጀልባና በመኪና ሄዶ ነፍሳቸው ከእሱ ጋር የቀረች መሰለው፤ እንዲያውም ዓይኑ ትንሽ እርጥብ ሆነ። የሚታሰበው መረብ እንከን አልነበረበትም። ዝናብ አይነካውም፣ ዘመድ አይወስደውም። ሱሊአሲ በአንድ ጠቅታ መንገዱን ይቆርጣል፤ መልእክቱ ወዲያው በሌላው በኩል ይዞራል፤ እጁም አይንቀጠቀጥም። የሚያንቀጠቅጥ ምን አለና? ሠዓሊ የሣለውን እሳት በእጁ ቢነካ ምን ይሆናል?

ለፈተናው አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ለሚስዝ ኡርሚላ ደወለ።

«እመቤቴ፣ ሁሉንም ምናባዊ ባደርገው…»

«ሱሊአሲ፣ ምን ብዬህ ነበር?»

«የሚዳሰስ ብለውኛል።»

«እንግዲያው የሚዳሰስ።»

በማግሥቱ አንድ እስር ያንጎና ይዞ መንደር ወረደ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ኬሬኬሬ ብሎ መልሶ መውሰድ። ጀልባው በማንግሮቩ መሐል ሲያልፍ የሚናገረውን ደጋግሞ ተለማመደ፤ በመሐሉም ያቺን ሁለት ስንኝ አንጎራጎረ። ውሃውም ቢሆን የቀረውን አልነገረውም።

ኔማኒ ቤት ሲገባ ግን ልምምዱ ሁሉ ከአፉ ጠፋ። ራውተሩ ከቤቱ ሁሉ በከበረው ቦታ፣ ከሱሊአሲ ሟች አባት ፎቶ አጠገብ፣ ከዛፍ ቅርፊት የተሠራ ጨርቅ ተነጥፎለት፣ ላዩ ላይ በእጅ የተሠራ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ከፀሐይ ኃይሉ ባትሪ ገመድ ተስቦለታል። መብራቱ ያርገበግባል።

«እየው፣ ደህና ነው፣» አሉ ኔማኒ። «ሌሊትም አላጠፋውም። የቤቱን አምፖል አጠፋለሁ እንጂ እሱን አላጠፋም። ሞክሼን ማጥፋት ነውር ነው።»

«ትልቁ አባቴ…» ሱሊአሲ ዓይኑን ከራውተሩ ሲያነሳ ከጎኑ ሌላ ትንሽ ሣጥን አየ። የኔማኒ ልጆች ራግቢ ለማየት ያስገቡት፣ በሲም ካርድ የሚሠራ ኢንተርኔት ነበር። ትንሿ ሣጥንና ትልቁ ሣጥን ጎን ለጎን፣ አንድ ስንዝር ተራርቀው፣ ሳይተዋወቁ ተቀምጠዋል።

ሱሊአሲ ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለ። እኔ፣ ሲል አሰበ፣ ምግብ ጠረጴዛ ላይ በሁለት ክንድ ርቀት ቅርንጫፍ ሠርቼ ላባሳ ነህ እያልኩ እዋሸው ነበር። ይኸው ቅርንጫፍ! ወንዝ ያለው፣ እንቁራሪት የሚጮኽበት፣ ሥራ አስኪያጅ ያለው ቅርንጫፍ።

ከቦርሳው አንድ አጭር ገመድ አወጣ።

«ምን እያደረግህለት ነው?» አሉ ኔማኒ።

«ከቤተሰቡ ጋር እያገናኘሁት ነው።»

«ጎሽ፣» አሉ ኔማኒ። «እኔም ብቸኝነት ተሰምቶታል ብዬ ነበር። ማታ ማታ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ይላል።»

ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀበት፤ በኢንተርኔቱ ሆድ ውስጥ ከመንደሩ እስከ ኪኖያ፣ ከመንደሩ እስከ ላንጌሬ፣ ማንም የማያየው የቪፒኤን ዋሻ ቆፈረ። በማግሥቱ ላንጌሬ ሄደ፤ የዋይሳሌ ሞክሼ በጎማዎች መሐል በሽቦ ተንጠልጥሎ በቅባት ጠቁሯል። በሦስተኛው ቀን ናውሶሪ፤ በሁለቱም ቦታ የመንደሩን የመሰለ የሲም ካርድ ኢንተርኔት ገጠመ። የአካኔታ ሞክሼ ከዓሣው በላይ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ገዢዎች ዓሣውን ሳይሆን መብራቱን እያዩ ይገዛሉ።

«አክስቴ፣ ይኼ ሰው ሁሉ ምን ይጠብቃል?»

«አረንጓዴው ሲበራ ዓሣው ትኩስ ነው ይላሉ።»

«አንቺ ነሽ ያልሻቸው?»

«እኔ ምን ብዬ! አይደለም አላልኳቸውም እንጂ።»

ቅዳሜ፣ የፈተናው ዕለት፣ ረፋዱ ላይ ሚስዝ ኡርሚላ ጃንጥላቸውን አራግፈው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ጠረጴዛውን አዩ። አንድ የሚያንኮራፋ ኮምፒውተር፣ አንድ ስክሪን፣ የተጠላለፈ ገመድ።

«ሱሊአሲ። የሚዳሰሰው የት አለ?»

ሱሊአሲ አዲሱን ካርታ ዘረጋላቸው። ይኼኛው የሬዋ ወንዝ ያለበት እውነተኛ ካርታ ነበር፤ ኪኖያ፣ ናውሶሪ፣ ላንጌሬ፣ መንደሩ፣ በክብ የተያያዙ።

«ይሄም እንግዲህ የታሰበ ነው፣» አሉ ሚስዝ ኡርሚላ።

«አይደለም እመቤቴ። አንዱን ቢዳስሱት እጅዎ ዓሣ ይሸታል።»

ሚስዝ ኡርሚላ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ስክሪኑ ላይ ከኪኖያ ወደ ዋይሳሌ ሱቅ በየሰከንዱ አንድ መልእክት ይሄዳል፤ በፈጣኑ መንገድ፣ በናውሶሪ በአካኔታ በኩል፤ እያንዳንዱ ሲመለስ አንድ መስመር ይጻፋል። ጥቂት መስመሮች ቆጠሩ። ከዚያ ጣታቸውን ካርታው ላይ አሳረፉ።

«በመጀመሪያ ይህን መንደር ቁረጥልኝ። ከሥሩ፣ ከዕቃው። አንተ እዚህ ሆነህ አይደለም፤ እዚያ ያለው ሰው ገመዱን ይንቀል።»

ሱሊአሲ ደወለ፤ ድምፁንም ለሁሉ እንዲሰማ ከፈተው።

«ትልቁ አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሣጥኑን ገመድ ለአንድ አፍታ ይንቀሉልኝ።»

በስልኩ ውስጥ የወንዙ ድምፅ ይሰማል።

«የማንን ገመድ?» አሉ ኔማኒ።

«የ… የሞክሼዎን።»

«ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም። ፈተና ነው። አለቃዬ እዚህ ናቸው።»

«አለቃህ የገዛ ሞክሼዬን አንገት እንዳንቅ አዘዙኝ?»

«ትልቁ አባቴ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይነሳል…»

«ከሞት የተነሳ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። አንተ ልጅ፣ ስሜን ስትለጥፍ አስበህ ነበር? ዶሮዬን በልተህ፣ ያንጎናዬን ስለ እሱ ጠጥተህ፣ ዛሬ ንቀለው ትለኛለህ?»

ቫሲቲ ከማጀት ብቅ ብላ አፏን በጨርቅ ይዛለች። ሱሊአሲ ላብ ግንባሩን አጥምቆት፣ ስልኩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በቆመበት ይለምናል፤ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ምሰሶው፣ ስለ መጋዘኑ በር። ሕይወቱ በዚያች ገመድ ላይ ተንጠልጥላለች፤ ገመዷን የያዙት ደግሞ ሽማግሌው ናቸው፤ ሽማግሌውም አይነቅሉም። ስክሪኑን ማየት ጭራሽ ረስቶታል።

ሚስዝ ኡርሚላ ግን አልረሱም።

«ሱሊአሲ።»

«አንድ ጊዜ እመቤቴ፣ እሺ ይሉኛል…»

«ሱሊአሲ፣ ስክሪኑን እይ። ሦስት መልእክት ጠፋ። ከዚያ ተመለሰ። አሁን በመንደሩ በኩል ነው የሚሄደው። ማነው የቆረጠው?»

በመንደሩ በኩል ማለት የናውሶሪው ሞቷል ማለት ነው። ሱሊአሲ በቫሲቲ ስልክ ለአክስቱ ደወለ።

«አክስቴ! ሣጥኑ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል፣ ነቀልኩት እንጂ!» የገበያው ጫጫታ አብሯት ይጮኻል። «የበረዶው ሣጥን ሶኬት አጣ። ዓሣዬ ይሽተት? ሞክሼዬ ትንሽ ትረፍ፣ እኔም ስደክም አርፋለሁ። ምነው?»

«ምንም፣» አለ ሱሊአሲ። «ምንም አይደል አክስቴ።»

ሚስዝ ኡርሚላ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል መልእክቱ በወንዙ በኩል፣ በዳንቴሉ ሥር፣ በሟቹ ፎቶ አጠገብ እያለፈ ላንጌሬ ሲደርስና ሲመለስ ተመለከቱ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አወጡ።

«አንድ ነገር ገብቶሃል?» አሉ እየጻፉ። «ትልቁ አባትህ ታዝዘውህ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም በኩል ተቆርጦ አብቅቶልህ ነበር። እኔ ያዘዝኩት ፈተና ይጥልህ ነበር። ያለፍከው ባልታዘዘው ነው።»

«አለፍኩ?»

«እጅህም አልተንቀጠቀጠም።»

ሱሊአሲ እጁን አየ። «ስልክ ይዤ ነበር እኮ።»

«እንግዲህ መሐንዲስ ስትሆንም ስልክ መያዝ ነው ሥራው። ለሁሉም ለሽማግሌው ይቅርታ ጠይቅ።»

ስልኩ ለካ አልተዘጋም። ሱሊአሲ ወደ ጆሮው መልሶ «ትልቁ አባቴ» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ኔማኒ ከእሱ ጋር አልነበሩም። ስልኩን የሆነ ቦታ ጥለውት የደነገጠውን ሞክሼያቸውን ያባብላሉ፤ በዚያ በሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ ድምፅ ያንጎራጉሩለታል። ወንዙ ወደ ባሕሩ፣ ባሕሩ ወደ ማታ። ሱሊአሲ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ጀልባህ ወዴት ቀረች፣ ከጨረቃ ተኝታ። እዚህች ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆሞ ነበር። ኔማኒ ግን ድልድዩ እንደ ተቆረጠ አላወቁም፤ ዝም ብለው ተሻገሩት፤

«ና ቁጭ በል ልጄ ሆይ፣ ና ቁጭ ብለህ ብላ፣
ዳሎው ሳይቀዘቅዝ፣ ድመቷ ሳትበላ።»

ሱሊአሲ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው። ድመቷ? በአሥራ አራት ዓመት ምሰሶ ላይ፣ በንፋስና በዝናብ፣ ስንት የፍቅር፣ ስንት የስንብት ስንኝ ገጥሞለት ነበር! እናቱ ለካ ስትጠራው የኖረችው ለእራት ነው።

በዚህ መሐል ቫሲቲ ሥራዋን ጀምራለች። ገመዱን በክንዷ ጠቅልላ፣ ስክሪኑን ወደ ጥግ ገፍታ፣ ሰርቨሩን እያንኮራፋ ሳለ ወለል ላይ አወረደችው።

«ኧረ ቀስ! ምን እያደረግሽ ነው?»

ቫሲቲ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ በአገጯ አመለከተችው። ጠርዙ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ላይም በትልቁ «ቫሲቲ» ተብሎ ተጽፏል።

«ሞክሼዬን እየወሰድኩ ነዋ፣» አለች። «ኬሬኬሬ።»

ሚስዝ ኡርሚላ ሳቃቸው አመለጣቸው። ዓሣ እንደማይበሉ፣ የተቀቀለውን ጎደሬ፣ ዳሎውን፣ ግን እምቢ እንደማይሉ ተናገሩ። ቫሲቲ በኮኮናት ወተት የተሠራውን ዓሣ፣ ጎመን መሳዩን የዳሎ ቅጠል፣ እንፋሎቱ የሚወጣውን ዳሎ በሞክሼዋ ላይ ደረደረች። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ሱሊአሲ ስልኩን ዘጋ፤ ሰማያዊውን ገመድ ከኪሱ አውጥቶ መስኮቱ ላይ አኖረ፤ ከዚያ ከሳምንታት በፊት ትቶት የሄደውን ወንበር ሳበና፣ ጉልበቱን በእጁ ደግፎ፣ ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ።